ከሰደፉ ብረት ስር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለጠመንጃ ዘር ቆጣሪው፤

ሰላምታዎ ደርሶኛል። ግማሽ ገጽ ሙሉ ነው፤ ለጤናዬ፣ ለቤተሰቤ፣ ለሥራዬ፣ ለጎረቤቶቼ ሳይቀር ሰላም ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን አጸፋውን ለመመለስ ዛሬ ትዕግስቱ የለኝም። «እንደምን ሰነበቱ» እንዳልኩዎት ይቁጠሩልኝና ወደ ነገሬ ልግባ።

«ባለቤትዎ በምን ሁኔታ እንደተሠዉ ቢገልጹልኝ፣ የወታደር ልብስ የለበሱበት ፎቶግራፍም ካለ ቢልኩልኝ» ብለው ጽፈዋል። እኔን ነው የሚጠይቁት? እኔ ማንን ጠይቄ ልንገርዎ?

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ጠመንጃ ባሕር ማዶ ከፋብሪካ የወጣበትን ዓመት ያውቃሉ። ቀድሞ የየትኛው ጦር እንደነበረ፣ አፈሙዙ መቼ እንደተለወጠ፣ የትኛው ብሎን የራሱ የትኛው የሌላ ጠመንጃ እንደሆነ ያውቃሉ። ለካ አንድ ብረትና እንጨት እንዲህ ተደርጎ ይጠናል! ስለ ባሌ ግን አንድ የማላውቀው ወታደር መጥቶ፣ በሬ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ «ከነመሣሪያው ጠፍቷል» ብሎኝ ሄደ። ሞተ አላለኝ፣ አለ አላለኝ። ጠፋ! በግ ይጠፋል፣ ቁልፍ ይጠፋል። ሰው እንዴት ነው የሚጠፋው? ይኸው መበለት እንዳልባል አስከሬን የለ፣ ባለባል እንዳልባል ባል የለ፣ ወጣትነቴን በር በር እያየሁ ጨረስኩት።

የስልክ ቁጥርዎን ልከውልኛል፤ አልደውልም። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን የጎረቤት ድስት ሲከደን ይሰማል። የልጃቸው ስም በዚህ ቤት ውስጥ እንዲሁ በዋዛ አይነሳም። ስለዚህ የሚጽፉትን ሁሉ በልብስ ስፌት ቤቴ አድራሻ ይላኩ።

ፎቶግራፍ አለኝ፤ አልልክም። መጀመሪያ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ። ጠመንጃው ባሌ እጅ ከመግባቱ በፊት የት እንደዋለ ጉዳዬ አይደለም። ከእጁ የወጣው የት ነው? ማን አነሳው? ይህን ሲነግሩኝ ፎቶውን እልካለሁ። ደግሞስ የእኔን ስም ከየት አመጡት? እስከዚያው ጠመንጃውን ለገዛው ደንበኛዎ «ሴትዮዋ ባለጌ ናት» ይበሉልኝ።

ልብስ ሰፊዋ

ጥቅምት 24

ለተከበሩ እመቤት፤

ሰላምታዬ እንደሰለቸዎት ስለተረዳሁ አሳጥሬዋለሁ። ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ይኸው ነው።

ቁጣዎ ተገቢ ነው። የደብዳቤዬ ቅጂ ስለነበረኝ መልሼ አነበብኩትና አፈርኩ። ስለ ብረት ስጽፍ ኖሬ ስለ ሰው አጻጻፍ ጠፍቶብኛል። በወጣትነቴ የሠራዊቱ ጥገና ክፍል ውስጥ የጠመንጃ ባለሙያ ነበርኩ። አሁን በጡረታ ላይ ሆኜ፣ ከአንድ ማተሚያ ቤት ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቼ፣ ሰብሳቢዎች የሚያመጡልኝን አሮጌ ጠመንጃ የት የት እንደዘመተ አጣራለሁ። ከታች ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ብሎኖች ይጨፍራሉ፤ ያኔ ሥራ አቁሜ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ይህንንም ብሎኖቹ እየጨፈሩ ነው የምጽፍልዎት።

ስምዎን ከየት እንዳመጣሁት ጠይቀዋል። ደንበኛዬ ይህን ጠመንጃ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቶ አመጣልኝ። እንደ ልማዴ ፈታሁት። የሰደፉን ብረት ሳነሳ፣ ትከሻ ላይ ከሚያርፈው ከዚያ ሳህን ስር፣ እንጨቱ ላይ በጩቤ ጫፍ የተቀረጸ የሴት ስም አገኘሁ፤ ከስሙ በታች የከተማዋ ስም አለ። ስምዎ የተለመደ አይደለም፤ በስምና በከተማ ብቻ ጽፌ ፖስታ ቤት ጣልኩት። የተሠዋ ባል እንደቀረጸው የገመትኩት ራሴ ነኝ፤ ይደርሳል ብዬም አላሰብኩም ነበር።

አሁን እርስዎ ወደጠየቁኝ ልምጣ። በዚህ ጠመንጃ እንጨት ላይ ሁለት የመንግሥት ማህተም አለ። አንዱ የክፍለ ጦሩ ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ከምላጩ ኋላ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ትንሽ ክብ ነው፤ እሱን አላውቀውም። የእንጨቱ ጠርዝ ካረጀ በኋላ የተተኮሰ ስለሆነ ግን ከመጀመሪያው የቆየ አይደለም። «ከነመሣሪያው ጠፋ» ብለዋል። ከነመሣሪያው የጠፋ ሰው ጠመንጃ እንዴት ተመልሶ ማህተም አረፈበት? ይህን አጣራለሁ፤ ቃሌ ነው። መርዶው የመጣልዎት ከጦርነቱ ማብቂያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ባለቤትዎ ስለ ጠመንጃው ጽፈውልዎት ያውቃሉ?

አክባሪዎ፣ የጠመንጃ ዘር ቆጣሪው (ስያሜውን ወድጄዋለሁ)

ኅዳር 12

ይድረስ ለዘር ቆጣሪው፤

እንደምን ሰነበቱ? ይኸው እኔም ሰላምታ ጀመርኩ።

መርዶ አይበሉት። መርዶ ለሞተ ሰው ነው። ወታደሩ የመጣው ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከዚያ ሰላም ሆነ ተባለ፤ የሰው ባል እየተንጠባጠበ ገባ። እኔና አማቴ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሄደን እንቆም ነበር። ያኔ ዓይናቸው ያይ ነበር፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ከሩቅ ይለዩ ነበር። ከቆይታ በኋላ መኪና የሚያራግፉት ልጆች «ዛሬም የሉም እማማ» ማለት ጀመሩ። ሲያዝኑልን ጊዜ መሄድ ተውን።

ስለ ጠመንጃው አንድ ጊዜ ጽፎልኛል። «ይህ የሰጡኝ ጠመንጃ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣል፤ አንቱ እያልኩ ነው የምወለውለው» ብሎ። ቀልደኛ ነበር። አማቴ ይህቺን ነገር በሳቁ ቁጥር መጨረሻው ለቅሶ ስለሚሆን ደብዳቤውን ማንበብ አቆምኩላቸው።

ስሜን ቀርጾታል አሉኝ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮ ወላጆች ይጮሁብኛል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ለምን ከብረት ስር? እኔ ስፌት አውቃለሁ፤ የማይታይ ስፌት የሚሰፋው ወይ ለውበት ነው ወይ ቀዳዳ ለመሸፈን። የሚወዱትን ሰው ስም ፊት ለፊት ይጽፉታል እንጂ በብሎን ያስሩታል?

ሰብሳቢው ፎቶውን በዋጋ ልግዛ አለ ብለው በኋላ በላኩት ቁራጭ ወረቀት ላይ ያስገቡትን አንብቤያለሁ። ሁለተኛ እንዳያነሱብኝ። የእኔ ባል የጠመንጃ ማድመቂያ አይደለም።

በዚያው ወረቀት አግብተው ነበር ወይ ላሉት፦ አላገባሁም። አንድ ደህና አናጢ ጠይቆኝ ነበር። አማቴ ሲሰሙ «አግቢ ልጄ፤ እኔ እንደሆንኩ ተጣብቄብሻለሁ፣ እንደ ጓዝሽ ቆጥሮ ጠቅልሎ ይውሰደን» አሉኝ። ስቀን ስቀን ሞትን። በማግስቱ አናጢውን «ድንገት ቢመጣስ?» አልኩት። ሁለት ዓመት ጠበቀኝ፤ ከዚያ ሌላ አገባ። የልጆቹን ሱሪ የምሰፋው እኔ ነኝ። ጉልበት ላይ ቶሎ ይቀዱታል፤ አባታቸውም እንደዚያ ነበር መሰለኝ።

ማህተሙን ያጣሩልኝ። እሱን ብቻ።

ልብስ ሰፊዋ

ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ እመቤት፤

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? አማትዎስ? እዚህ ብርዱ በርትቷል፤ ማተሚያ ቤቱ መስኮቱ ተሰብሮበት ነፋሱ እስከ እኔ ክፍል ይወጣል። አንዱ ጥርሴ አሞኝ ሰንብቶ በመጨረሻ አስነቀልኩት። ስለ ዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሁለት ደብዳቤ ጽፈው መልስ እንዳጡ አውቃለሁ። መንገድ ሄጄ ነበር።

ስለ ማህተሙ ላሉኝ፣ ነገሩ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። ብዙ ዓይነት ማህተም አለ፤ አንዱ ካንዱ ይመሳሰላል። ባለሙያም ይሳሳታል። ከዚህ ጠመንጃ ላይ የሚገኘውን ሁሉ አግኝቻለሁ ማለት ይቻላል፤ ከዚህ በላይ መቆፈሩ ለማንም የሚጠቅም አይመስለኝም። እርስዎም የራስዎን ኑሮ አቃንተው ኖረዋል። አማትዎን ጦረዋል። አንዳንድ ነገር ባለበት ቢተው ምን ይመስልዎታል? ይህን የምለው እንደ ወንድም ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ልጠይቅና ላብቃ፤ ለጥናቱ ያህል ነው። የእንጨቱ አንደኛው ጎን ከሌላው ይልቅ በጉንጭ ተበልቷል። ባለቤትዎ ግራኝ ናቸው?

ደንበኛዬ ጠመንጃውን ለመውሰድ ቸኩሏል። ፎቶውን አልጠየቅሁዎትም።

አክባሪዎ

ታኅሣሥ 28

አንተ!

ከዛሬ ጀምሮ አንቱታ የለም። አንቱ የሚባለው ለእውነተኛ ሰው ነው።

ስለ ጥርስህ ነገርከኝ። ስለ መስኮቱ ነገርከኝ። ነፋሱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነገርከኝ። ከዚያ «ባለቤትዎ ግራኝ ናቸው?» አልከኝ።

ናቸው!

በፊት ስትጽፍልኝ ሁልጊዜ «ነበሩ» ነው የምትለው። «በምን ሁኔታ እንደተሠዉ» ያልከኝ ሰው ነህ። ይኸው ደብዳቤዎችህን ከክር ሳጥኔ አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። እኔ ዕድሜ ልኬን «ነበር» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ለአማቴ ጎረቤት ሲመጣ «ልጃቸው ወታደር ነበር»፣ ለአናጢው «ደግ ሰው ነበር»። «ነበር» ምላሴ ላይ ጠባሳ ሠርቷል። «ናቸው» የምትል ቃል ብታልፍ አላያትም?

መንገድ ሄጄ ነበር አልከኝ። የት? ማንን አየህ? «ባለበት ይተው» የምትለኝ ምኑን ነው? ሬሳ ቢሆን ባለበት ይተው አይባልም፤ ሬሳ አይንቀሳቀስም። ባለበት ተዪው የሚባለው የሚሄድ የሚመጣ ነገር ነው።

ደግሞ «እንደ ወንድም» ይለኛል! ወንድም ነገር ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ስለ ጥርሱ ያወራል?

አዎን፣ ግራኝ ነው። በግራው ነው የሚበላ፣ በግራው ነው የሚጽፍ፣ የጋብቻችን ቀን በግራው ልጨብጥ ብሎ አባቴን ያስቆጣ ሰው ነው። አሁን አንተ ንገረኝ። ካልነገርከኝ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጬ ያቺን ማተሚያ ቤት እየጠየቅሁ መጥቼ፣ ያንን ጠመንጃ ከነጠረጴዛው በመስኮት እጥልልሃለሁ። መስኮቱም ተሰብሯል፤ አይቸግረኝም።

ጥር 8

ለተከበሩ እመቤት፤

በሕይወት አሉ።

ይህን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ሌላ ሰበብ እንዳልደረድር ነው። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልዎት አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ አንቱታ አይገባኝም።

ያ በእሳት የተተኮሰው ክብ የምሕረት ማህተም ነው። ጦርነቱ ካበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጦር ሜዳ ከነመሣሪያቸው ሸሽተው ተደብቀው ለነበሩ ሰዎች ምሕረት ታውጆ ነበር። ጠመንጃውን ያስረከበ አይጠየቅም ተባለ። እያንዳንዱ የማስረከቢያ ጣቢያ የራሱ ምልክት ነበረው። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼን ስጠይቅ ይህኛው የአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ መሆኑን ነገሩኝ። ከእርስዎ ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ሄድኩ። ያኔ ማህተሙን ይተኩስ የነበረው ሰው አሁን ምስማርና ቀለም ይሸጣል። ጠመንጃውን በፎቶ ሳሳየው ሳቀ። «ይህቺን እንዴት እረሳለሁ? የሁሉም ዝጎ ሲመጣ እሷ ብቻ እንደ ሙሽራ ተወልውላ መጣች» አለኝ። «ሰውዬው ከማስረከቡ በፊት የሰደፉን ብረት ልፍታ ብሎ ለመነን። ከለከልነው። እንዴት እሱን አጣኸው፤ ያ ማዶ የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው አይደል?»

ማዶ ተሻግሬ አየሁዋቸው። ፓምፕ የምገዛ መስዬ ዋጋ ጠየቅሁ። በግራ እጃቸው ጻፉልኝ። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ትከሻቸው ጎብጧል፤ ደህና ናቸው። ባለትዳር ናቸው። ልጆች አሉዋቸው። ምንም አልነገርኳቸውም፤ የመናገሩ መብት የእኔ አይመስለኝም።

ወረቀቱን ይቅደዱት፣ ይስደቡኝ፤ ብቻ ብቻዎን አይሂዱ። ከፈለጉ አብሬዎት እሄዳለሁ።

የካቲት 2

ይድረስ ለዘር ቆጣሪው፤

ቴሌግራምዎ ደርሶኛል። «ሄዱ ወይ? ከማን ጋር?» ብለዋል። ሄድኩ። ብቻዬን። እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ ይቅርታ እየጠየቁ ነገሩን ያበላሹብኝ ነበር። (ወደ አንቱታ መመለሴን አይተዋል። እሱን ካየሁ በኋላ ለአንቱታ የሚበቃ ሰው ማን እንደሆነ መለየት ቀሎልኛል።)

ለአማቴ ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። የሱቁን በር ስደርስ እግሬ አልተንቀጠቀጠም። በጣም ተናድጄ ስለነበር የሚንቀጠቀጥበት ትርፍ ቦታ አልነበረኝም።

አጎንብሶ ቱቦ ይፈታል። ቀና ብሎ «ምን ልርዳሽ እናቴ?» አለኝ።

እናቴ! አላወቀኝም። ስሜን እንጨት ላይ የቀረጸ ሰው ፊቴን አላወቀውም።

«ፓምፕ ተበላሽቶብኝ ነው» አልኩት።

«የት ነው ያለው?»

የከተማችንን ስም ጠራሁ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ አየኝ። ቀስ ብሎ፣ ከጫማዬ ጀምሮ ወደ ላይ አየኝ።

«ማን ነገረሽ?»

ልብ ይበሉልኝ፤ «እንዴት ነሽ» አይደለም። «ይቅር በይኝ» አይደለም። «ማን ነገረሽ?»

«አንቱ የምትለው ጠመንጃህ» አልኩት።

ተቀመጠ። ብዙ አወራ። ጓደኞቹ አጠገቡ ሲወድቁ ሮጧል፤ የከዳ ይረሸናል ስለተባለ ሸንበቆ ውስጥ ከርሟል። ያ ይገባኛል። በእግዜር ፊት ነው የምለው፣ ያ ይገባኛል፤ እኔም እሮጥ ነበር። «ከምሕረቱ በኋላስ?» አልኩት። «መጀመሪያ ፈራሁ» አለኝ። «ቀጥሎ አፈርኩ። ከዚያ ረፈደ።» እንዲህ በሦስት ቃል ጨረሳት! እኔ ወጣትነቴን ያዋልኩበትን ነገር እሱ በሦስት ቃል።

«የሰደፉን ብረት ልፍታ ብለህ ለምነህ ነበር አሉ። ስሜን ልትፍቀው ነው?»

«ላየው ነበር» አለኝ፤ አለቀሰ።

ማመኑንም አለማመኑንም ተውኩት። ባምነው ምን ይጨምርልኛል?

ከዚያ «እናትህ አሉ» አልኩት።

እዚህ ላይ ነው የፈረሰው። «አለች? እኔ እኮ... ሞታ ይሆናል ብዬ...»

«ይሆናል ብለህ! የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጠዋት ተነስተህ ማታ ትደርስ ነበር። ይሆናል ብለህ ነው ሃያ ምናምን ዓመት የተቀመጥከው? መናኸሪያ ሲቆሙ፣ ዓይናቸው እስኪጠፋ ሲያዩ፣ እኔ ነኝ እጃቸውን የያዝኩት። በየማለዳው የማጥባቸው እኔ ነኝ። አንተ የሰው ፓምፕ ትጠግናለህ!»

ጩኸቴን ሰምታ ሚስቱ ወጣች። ቀጠን ያለች፣ እጇ ሳሙና የነካው ሴት ናት። «ምነው እማማ፣ ሥራው አላማረሽም?» አለችኝ። ልጠላት ሞክሬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅላት ነው የመጣሁት። ግን ምንም አታውቅም። እንደ እኔ የተታለለች ናት፤ የእሷ ገና አልተፈታም እንጂ። «አይ፣ ዋጋ እየተከራከርን ነው» አልኳት።

ስወጣ እንዲህ አልኩት፦ «የመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ትመጣለህ። ካልመጣህ እናትህን አዝዬ እዚህ በር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ከዚያ ለልጆችህ ማን እንደሆኑ አንተው ትነግራቸዋለህ።»

ለአማቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም። እርስዎን በድብቅነትዎ ስሰድብ ሰነበትኩ፤ አሁን እኔው ድብቅ ሆኛለሁ። ጨርቁን ሲዳስሱ «ለዚህ ነው ያን ያህል የሄድሽው?» አሉኝ።

ልብስ ሰፊዋ

የካቲት 25

ለተከበሩ እመቤት፤

ስለ ደንበኛዬ ለጠየቁኝ፦ እውነቱን ነገርኩት። ጥሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። ስጨርስ «ታዲያ ሰውዬው አልሞተም ነው የምትለኝ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ከዳተኛ ነው ማለት ነው?» ፈርቶ የሮጠ ልጅ ነበር አልኩት። ከንፈሩን መጠጠና «ሞቶ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ።

እንደዚሁ ነው ያለው። ለጠመንጃው ማለቱ ነው። ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው ለእንግዶቹ የሚነግረው ነገር አጣ።

ከዚያ «ዝም ብለህ ተሠዋ ብለህ ጻፍና ፈርምልኝ፤ ማን ያውቃል?» አለኝ። በዕድሜዬ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «አንተ እንኳን ሰው ድመትም አትቆጣም» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ጮኽኩ። ማተሚያ ቤት ያሉት ልጆች ሳይቀሩ ማሽን አቁመው ወጡ። ሰውዬው የሞተ ሰው ይፈልጋል! ለማጌጫ! እርስዎ እዚያ ቁጭ ብለው ስንት ዓመት የለመኑትን ነገር፣ መኖሩን፣ እሱ እንደ ጉድለት ቆጠረው።

ፈርሜ አልሰጠሁትም። ጠመንጃው ንብረቱ ስለሆነ ይዞት ሄዷል፤ የታሪኩን ወረቀት ግን እኔ ዘንድ አስቀርቻለሁ። ምን ልጻፍበት? ወይስ ልተወው? ከእርስዎ ፈቃድ ውጪ አንዲት ቃል አልጨምርም።

ቅዳሜው እየደረሰ ነው። አጠገብዎ ሰው ይኑር።

አክባሪዎ

መጋቢት 11

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበቱ? አሁን ከልቤ ነው የምጠይቅዎት። ስለ ጮሁ ደስ ብሎኛል። ቀድመው መልመድ ነበረብዎ።

በታሪኩ ላይ ይህን ይጻፉበት፦ «ይህን ጠመንጃ የያዘው ሰው ፈርቶ ሮጠ። በሕይወት አለ። ቤቱ አልተመለሰም።» ሌላ አይጨምሩ። ስሜን አያስገቡ። ሰውዬው እንደገና ከመጣ ይህን ያንብቡለትና ያሰናብቱት።

ስለ ቅዳሜ ጠይቀውኛል። መጣ። አይመጣም ብዬ ነበር፤ አማቴን የማዝልበትን ብርድ ልብስ ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር። መጣ። ጥሩ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሚስቱ የተኮሰችለት መሆኑ ያስታውቃል። ለእሷ ምን ብሎ እንደመጣ አልጠየቅሁትም።

አማቴ ከመስኮቱ ስር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ይለያሉ። እንዲህ ነው የሚያግዙኝ፤ የሸሚዙን ለብቻ፣ የኮቱን ለብቻ በጣታቸው እየለዩ በየቆርቆሮው ይጥላሉ። እሱ በሩ ላይ ቆመ፤ መግባት አቃተው። ገፋሁት።

«እማዬ» አለ።

ጣታቸው ቆመ። ቁልፉን አልጣሉትም፣ አላስቀመጡትም፤ እንደያዙት ቀሩ። ተንበረከከ። እጃቸውን ዘርግተው ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አገጩን ዳሰሱት። ጆሮውን ያዝ አድርገው ለቀቁት። ረጅም ጊዜ ሆነ። እልል ይላሉ ወይስ ይወድቃሉ ብዬ በሁለት እጄ ልደግፋቸው ተጠግቻለሁ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ በደህና ድምፅ «እንግዳው ከየት ነው የመጣው?» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ እኮ ነው» አልኩ።

«ማነው እሱ?»

«ልጅዎ።»

«አይደለም» አሉ። «የእኔ ልጅ ሞቷል። በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይመጣ ነበር። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አውቀዋለሁ፤ እናቱን መናኸሪያ አቁሞ የሚቀር ልጅ አልወለድኩም። ይህ የሰው ልጅ ነው። የሰው ልጅ አታስለቅሺብኝ። ሸኚው፤ መኪና እንዳያመልጠው።»

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ይላል እግራቸውን ይዞ። እግራቸውን ቀስ አድርገው ከእጁ አወጡ። እንደሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ቀሚስ ሲይዝ እንደሚያስለቅቁት ነው። ከዚያ ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ። የያዙትን የሸሚዝ ቁልፍ የኮቱ ቆርቆሮ ውስጥ ጣሉት። ተሳስተው አያውቁም ነበር።

እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ካዘጋጀሁት ስድብ መንገድ ላይ አንዱም አልወጣ አለኝ። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ «አንቺስ?» አለኝ። «እኔ ምን?» አልኩት። በሩ ተዘጋ።

ስመለስ አማቴ ቆርቆሮዎቹን ሁሉ ከድነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ሄደ?» አሉኝ።

«ሄደ።»

ከውጭ ልጆች ኳስ ይመታሉ። ለምሳ የሚሆን ነገር ምድጃው ላይ እንደተጣደ ነበር፤ እኔ ለእሱ እንኳን ምሳ ውሃም አልሰጠሁትም። ሆን ብዬ ነው። ለስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ቂም ቢያንስ ለዚያች ለአንዲት ብርጭቆ ውሃ ይብቃ ብዬ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «በልቶ ነው የሄደው?»

ወንድሜ፣ በዚያች ሰዓት ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

«በልቷል» አልኳቸው። «ጠግቦ ነው የሄደው።»

ልብስ ሰፊዋ